አሮጌዋ መኪና ባትሪ ስትበላ

ጥያቄ፦ «ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች የቤንዚን መኪና አለችኝ። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው አንድ ሁለት ጊዜ እያቃሰተ ይዞርና ይቆማል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆማ ከሰነበተች ደግሞ ጠቅ ከማለት በቀር ምንም የለም። ከሌላ መኪና ባትሪ ካቦ ዘርግቼ ካስነሳኋት ቀኑን ሙሉ ደህና ትውላለች። የምነዳት በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ያውም አጭር መንገድ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት ሞተሩ እንደተነሳ ይጠፋል። ባትሪው ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ከእሱ በፊት የነበረውም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው የተጣለው። አንዱ መካኒክ አሲድ ይጨመርበት ይላል፣ ሌላው ዲናሞው ይቀየር ይላል፣ ባትሪ ሻጩ ደግሞ አምፔሩ ከፍ ያለ ግዛ ብሎኛል። ማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ ከሦስቱ ምክሮች አንዱም በመለኪያ የተደገፈ አይደለምና ለጊዜው ማንንም አይስሙ። በጥያቄዎ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ እግረ መንገድዎን ያነሱት ነው፤ ከዚህ በፊት የነበረው ባትሪም ሁለት ዓመት አልሞላውም ብለዋል። ጤነኛ መኪና ላይ የተገጠመ ተራ የእርሳስና አሲድ ባትሪ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል። አንድ ባትሪ ያለ ዕድሜው ቢሞት የፋብሪካ ጉድለት ወይም መደርደሪያ ላይ ብዙ የሰነበተ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ባትሪ በተከታታይ ሲሞት ግን ምክንያቱን መኪናው ላይ መፈለግ ይገባል። ምክንያቱ ሳይገኝ ሦስተኛ ባትሪ ቢገዙ እሱም ከሁለቱ የተለየ ዕጣ አይገጥመውም።

ባትሪው እንዴት እንደሚሞት ካልታወቀ ምርመራው ግምት ብቻ ይሆናል። የመኪና ባትሪ ስድስት ሴሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሴል ሙሉ ቻርጅ ሲሆን 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል፣ ተደምሮ 12.6 ይሆናል። ባትሪው ኤሌክትሪክ ሲሰጥ በአሲዱ ውስጥ ያለው ሰልፌት ወደ ፕሌቶቹ (በሴሎቹ ውስጥ ወደ ተደረደሩት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ይገባና አሲዱ እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይጠጋል፤ ቻርጅ ሲደረግ ሰልፌቱ ወደ አሲዱ ይመለሳል። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ከሠራው ጀምሮ መሠረታዊው አሠራር ይኸው ነው። ችግር የሚመጣው ባትሪው ጎድሎ ለቀናትና ለሳምንታት ሲቀመጥ ነው። በመጀመሪያ ደቃቅ የነበረው ሰልፌት እየተገናኘ ወደ ትልልቅና ጠጣር ክሪስታሎች ይለወጣል፤ እነዚህ ደግሞ በተራ ቻርጅ አይሟሙም። በክሪስታል የተሸፈነው የፕሌት ክፍል ከሥራ ውጪ ይሆናል፣ ባትሪውም በቁመና ሙሉ ሆኖ ሳለ በአቅም ያንሳል። ስለዚህ ዘወትር ግማሽ ጎዶሎ ሆኖ የሚኖር ባትሪ ብዙ ባይሠራም ይሞታል። ሙቀት ፕሌቶቹን የሚበላውን ዝገትና የውሃውን ማለቅ ያፋጥናል፤ ብርድ ደግሞ በሙቀት ወራት የተጎዳውን ባትሪ ያጋልጣል እንጂ ራሱ ብዙ አይገድልም።

አጭር መንገድ መንዳትዎ ብቻውን ባትሪውን አይገድለውም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስሌቱን ይስታል። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) 150 አምፔር ለሦስት ሴኮንድ ቢስብ ከባትሪው የሚወጣው የአንድ አምፔር-ሰዓት (አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲሳብ የሚወጣው መጠን) አንድ ስምንተኛ ነው፤ ጤነኛ ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ባትሪውን የሚሞላው) ይህን በጥቂት ደቂቃዎች ይመልሰዋል። ነገር ግን ባትሪው ሌሊቱን በሌላ ምክንያት ስድስት ሰባት አምፔር-ሰዓት አጥቶ ካደረ የሩብ ሰዓት ጉዞ አይክሰውም። ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለው አምፔር ይቀንሳል፤ የመጨረሻው አንድ አምስተኛ ቻርጅ፣ ዲናሞው ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ሰዓታት ይፈልጋል። «ካስነሳኋት ቀኑን ሙሉ ደህና ትውላለች» ያሉትም በዚሁ ይፈታል፤ የሞቀ ሞተር በቀላሉ ስለሚዞርና አንድ ማስነሻ የሚፈልገው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ፣ ሩብ ያህል ብቻ የሞላ ባትሪም ከሰዓት በኋላ ሞተር ሊያስነሳ ይችላል። ቀን ደህና መዋልዋ ስለ ባትሪው ጤና የሚመሰክረው ነገር የለም።

የምልክቷ መብራት መጥፋትም እንደዚሁ አያስተማምንም። መብራቷ የምትበራው በዲናሞው የመቀስቀሻ ወገንና በባትሪው መካከል የጎላ የቮልት ልዩነት ሲኖር ነው፤ ዲናሞው ፈጽሞ ካልሠራ ወይም የሚያዞረው ቺንጊያ ከተበጠሰ ትነግርዎታለች። ዲናሞው 14.2 መስጠት ሲገባው 13.1 ብቻ ቢሰጥ ግን ዝም ትላለች። ከዲናሞው ስድስት ዋና ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዕቃዎች) አንዱ ቢቃጠልም ብዙ ጊዜ ጠፍታ ትቀራለች፣ ወይም በጨለማ ብቻ የምትታይ ደብዛዛ ብርሃን ታሳያለች። ምሽት ላይ የፊት መብራትና የማሞቂያውን ፋን አብርተው መብራቷን በጥሞና ይዩአት፤ ትንሽም ብትቀላ ምርመራው ከዲናሞው መጀመር አለበት።

አሲድ ጨምሩበት የሚለው ምክር ስህተት ነው፤ ጉዳትም አለው። በአገልግሎት ብዛት ከባትሪው የሚጎድለው ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም። አሲዱ የቀጠነ መስሎ ቢታይ ሰልፌቱ ፕሌቶቹ ውስጥ ስለገባ ነው፤ የሚመልሰውም ቻርጅ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አሲድ ሲጨመር ሃይድሮሜትሩ (የአሲዱን ጥግግት የሚለካው መሣሪያ) ላይ ጥሩ ቁጥር ይታያል፣ ቻርጁ ግን አልጨመረም፤ የበረታው አሲድ ደግሞ ፕሌቶቹንና በመካከላቸው ያለውን መለያ ይበላል። አሲድ የሚጨመረው ባትሪው ተገልብጦ አሲዱ ከፈሰሰ ብቻ ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨምሩ፤ የቧንቧ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድን ስለሚጎዳ አይሆንም። ፕሌቶቹ ውሃ አጥተው ከተጋለጡ እስኪሸፈኑ ብቻ ጨምረው ቻርጅ ያድርጉ፣ ወደ ልኩ የሚያደርሱት ከቻርጅ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከሞሉት ፈሳሹ ቻርጅ ላይ ሲሰፋ አሲድ እየተፋ ይወጣል። ስድስቱም ሴሎች እኩል ውሃ የሚጨርሱ ከሆነ ዲናሞው ከልክ በላይ እየሰጠ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ አንዱ ሴል ብቻ ከሆነ የታመመው ያ ሴል ነው።

አምፔሩ ከፍ ያለ ባትሪ መግዛትን በተመለከተ በሁለቱም ወገን የሚነገር ስህተት አለ። ትልቅ ባትሪ ሞተሪኖ አያቃጥልም፤ ሞተሪኖው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይስባል። ችግርዎንም አይፈታም። ሌሊት ሌሊት የሚስብ ነገር ካለ ትልቁ ባትሪ ሞቱን በአንድ ሁለት ቀን ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም፤ ዲናሞው አሳንሶ የሚሰጥ ከሆነም ትልቁ ባትሪ እንደ ትንሹ ጎዶሎ ሆኖ ይኖራል። ከመጠን በላይ ረጅም የሆነ ባትሪ ደግሞ ራሱ ከኮፈኑ ብረት ጋር ሊገናኝ ይችላልና አደጋ ነው።

አሁን በየጠዋቱ ከሌላ መኪና ባትሪ እየተዋሱ ማስነሳቱን ያቁሙ። የሞተን ባትሪ በዲናሞ እየሞሉ መኖር ዲናሞውን በሙሉ አቅሙ ለረጅም ጊዜ ያሠራዋል፤ ያረጀ ዲናሞ ደግሞ በዚህ ሙቀት ዳዮዱን ያጣል። በዚህ አያያዝ የባትሪው ችግር የዲናሞ ችግር ወልዶ ሊያድር ይችላል። ግድ ከሆነብዎ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ ቀዩን ካቦ መጀመሪያ በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ከዚያ በደህናው ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ፤ ጥቁሩን በደህናው ኔጋቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን ከባትሪው ራቅ ባለ ያልተቀባ የሞተር ብረት ላይ ይያዙት። የመጨረሻው ንክኪ ስለሚያፈነጥቅና ከባትሪው ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ነው፤ ይህ ጋዝ ፈንድቶ አሲድ ፊት ላይ የረጨበት አደጋ እውነተኛ ነው። ሲነቅሉ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይሂዱ። ከ24 ቮልት የጭነት መኪና ፈጽሞ አይዋሱ። ቀዝቅዞ በረዶ የሆነ ወይም ጎኑ ያበጠ ባትሪም ላይ ካቦ አይዘርጉ።

ሌላው መቆም ያለበት ልማድ ደግሞ ዲናሞ ይሠራል አይሠራም ለማለት ሞተሩ በርቶ ሳለ የባትሪውን ካቦ መንቀል ነው። ይህን የሚያደርግ መካኒክ ካጋጠመዎ እጁን ይያዙት። ባትሪው ሲነቀል የዲናሞው ቮልት በቅጽበት ይወነጨፋል፤ ዳዮድ፣ ሬጉሌተር (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው) እና ካለም የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል። በቀድሞ ዘመን ኮምፒውተር በሌላቸው መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ጉዳት ስላለፈ ነው ልማዱ እስከ ዛሬ የዘለቀው። ሞተሩ ሳይጠፋ ቢቀጥል እንኳ ዲናሞው ስንት ቮልት እንደሚሰጥ አይነግርም፤ ቴስተር (የቮልትና የአምፔር መለኪያ) ግን በአሥር ሴኮንድ ይነግራል።

ወደ ምርመራው ስንገባ ለጠቅላላው ሥራ የሚያስፈልገው ተራ ዲጂታል ቴስተርና የባትሪ ቻርጀር ነው። ከምንም በፊት ባትሪውን በቻርጀር ሙሉ በሙሉ ይሙሉት፤ ያልሞላ ባትሪ ላይ የሚደረግ ፈተና ባትሪው መሞቱን ይሁን መራቡን አይለይም። የቻርጀሩ አምፔር ከባትሪው አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለ50 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 5 አምፔር ማለት ነው፣ ጊዜውም ሌሊቱን ያህል ይሆናል። ቻርጅ የሚደረገው አየር በሚናፈስበት ቦታ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ነው። ዓይንዎን በመነጽር ይሸፍኑ፣ ቀለበትና የብረት ሰዓት ያውልቁ። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥበው በቀጥታ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ቻርጁ ካለቀ በኋላ ባትሪውን ወዲያው አይለኩት። ከቻርጀር ገና የወጣ ባትሪ ላይ ላዩን የተቀመጠ ቻርጅ ስላለ 13 ቮልት ያሳያል፤ ይህ ያታልላል። ሌሊቱን አሳርፈው ይለኩ፤ ካቦው ተነቅሎ ቢያድር ይሻላል። 12.6 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ወደ 10.5 ከተጠጋ አንዱ ሴል ውስጡ ተገናኝቶ ሞቷል፤ የሚጠገን ነገር የለውም። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ በሃይድሮሜትር ስድስቱንም ሴል ይለኩ፤ ሙሉ ቻርጅ ላይ 1.265 አካባቢ መሆን አለበት፣ በሴሎቹ መካከል ከ0.050 የበለጠ ልዩነት ካለ ያነሰው ሴል ታሟል። ሃይድሮሜትር የማይገባበት ዝግ ባትሪ ከሆነ የሚቀረው የጭነት ፈተና ብቻ ነው።

ቮልት የሚነግረው የሞላውን መጠን ነው፤ የዕቃውን ስፋት አይነግርም። ፕሌቶቹ ተበልተው አብዛኛውን አቅሙን ያጣ ባትሪም ካረፈ በኋላ 12.6 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ጭነት ላይ መፈተን ግድ ነው። የቦቢናውን (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን) የኤሌክትሪክ መግቢያ ሽቦ ነቅለው ሞተሩ እንዳይነሳ ያድርጉ፤ ቴስተሩን በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ አስይዘው ሌላ ሰው ለአሥር ሴኮንድ ያህል ቁልፍ እንዲይዝልዎ ያድርጉ። ከአሥር ሴኮንድ አይለፉ፣ ሞተሪኖው እንዲቀዘቅዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ይስጡት። አየሩ 20 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ ከሆነ ቁጥሩ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። በመጀመሪያው ሴኮንድ 10.8 ሆኖ ቀስ በቀስ ወደ 9፣ ወደ 8.5 የሚንሸራተት ቁጥር የደከመ ባትሪ መልክ ነው። ቁጥሩ 10.5 ላይ ተተክሎ ሞተሪኖው ግን እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ ባትሪው ነጻ ነው፤ ጥፋቱ በካቦ፣ በማሳ (ኤሌክትሪኩ በሞተሩና በቦዲው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ) ወይም በሞተሪኖው ራሱ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ብዙ መካኒክ አይደርስበትም፤ በአሮጌ መኪና ላይ ግን ከሁሉ የሚበዛው ይኸው ነው። ሞተሪኖው ቁልፍ ሲያዝ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ራስ ላይ (በካቦው መያዣ ላይ አይደለም)፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያድርጉ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበቡ የማሳው መንገድ ታሟል። በፖዘቲቩ ወገን ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ ከ0.5 በላይ መጥፋት የለበትም። የካቦውን መያዣ ሲያወልቁ ውጭ ላይ ያለው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ያን ያህል አያሳስብ፤ አሳሳቢው በመያዣውና በእርሳሱ ራስ መካከል ያለው ጥቁር ግራጫ ሽፋን ነው፣ ከዓይን የተሰወረ ቢሆንም ኤሌክትሪክ የሚያግደው እሱ ነው። በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ድረስ ይፋቁት። ዱቄቱን በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ያጥቡት፤ ሶዳው ወደ ሴሎቹ እንዳይገባ ክዳኖቹን አጥብቀው ይዝጉ። ከዚያ መያዣውን አጥብቀው ካሰሩት በኋላ ከላይ ቫዝሊን ይቀቡት።

የሞተሩ ማሳም የራሱ ነገር አለው። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለሚቀመጥ ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ ከተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ የተሠራ ማሳ ነው፤ ይህ ከዘይትና ከጭቃ ጋር ሃያ ዓመት ሲከርም ውስጡ ይበጣጠሳል። የተበጠሰ ማሳ ያለው መኪና ሞተሪኖው በተያዘ ቁጥር ኤሌክትሪኩን በሌላ መንገድ ስለሚልክ፣ የነዳጅ መስጫ ፔዳሉ የብረት ገመድ ሲሞቅ፣ አልፎም ሽፋኑ ሲቀልጥ ይታያል። አዲስ ማሳ ማሰር ከዚህ ሁሉ ምርመራ ርካሹ ጥገና ነውና ጥርጣሬ ካለ ይቀይሩት።

ቀጥሎ ዲናሞው ነው። ሞተሩን አስነስተው በደቂቃ 2000 ዙር አካባቢ ይዘው በባትሪው ራሶች ላይ ይለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። የፊት መብራትና ፋኑን አብርተው ከ13.5 በታች ከወረደ ቺንጊያውን ይዩ፤ የተብረቀረቀና የላላ ቺንጊያ ሳይጮህም ይንሸራተታል። ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ታሟል፤ ባትሪውን እያፈላ ውሃውን የሚጨርሰው እሱ ነው። ቴስተሩን ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ) ቮልት አዙረው ቢለኩ ደግሞ ከ0.5 በላይ ማንበብ የዳዮድ መበላሸት ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለ ዲናሞ ቀን ላይ ያንሳል፣ ሌሊት ላይ ደግሞ በተበላሸው ዳዮድ በኩል ባትሪውን ወደ ኋላ ይስባል። ዲናሞው ይቀየር ያለው መካኒክ ትክክል ሊሆን የሚችለው በዚህ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዳዮዱን ወይም ሬጉሌተሩን መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በእርስዎ መኪና ላይ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ቆማ እያለች የሚስብ ነገር መኖሩን ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ስትቆም ይብሳል ያሉት ወደዚያ ይጠቁማል። ቁልፉ ወጥቶ፣ በሮቹ ተዘግተው ሳሉ የኔጋቲቩን ካቦ ነቅለው ቴስተሩን በ10 አምፔር መግቢያው በካቦውና በባትሪው ራስ መካከል ያስገቡት። የኮፈን መብራት ካለ አምፖሉን ያውጡ፤ የአንዱ በር መብራት እንዳይበራም በር ላይ ያለውን መቀየሪያ ይጫኑት። ኮምፒውተር ወይም አላርም ያለው መኪና እስኪተኛ ድረስ ሃያ ሰላሳ ደቂቃ ይጠብቁ። በዚህ ጊዜ ቁልፍ ማዞር፣ የፊት መብራት ማብራት ፈጽሞ አይገባም፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ንባቡ ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከሆነ ተቀባይነት አለው፤ ኮምፒውተር የሌለው አሮጌ መኪና ደግሞ ከዚህም ያነሰ ማሳየት አለበት።

ቁጥሩን ወደ ቀን ሲቀይሩት ትርጉሙ ይታያል። 50 ሚሊአምፔር በ24 ሰዓት 1.2 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል፤ 50 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ለማጣት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። 300 ሚሊአምፔር ግን በቀን 7.2 ይወስዳል፤ ሦስት ቀን የቆመች መኪና ከግማሽ ብዙም ያላነሰ ታጣለች፣ በአራተኛው ጠዋት ጠቅ የሚለው ድምፅ ይመጣል። አንዲት 5 ዋት የኋላ ዕቃ መጫኛ አምፖል ሳትጠፋ ብታድር ብቻዋን 400 ሚሊአምፔር ገደማ ትስባለች።

ንባቡ ከፍ ካለ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለበት ፊውዝ የሌባውን መንገድ ያሳያል። አሮጌ መኪና ላይ ተደጋግመው የሚገኙት የጓንት ሣጥንና የኋላ ዕቃ መጫኛ መብራት፣ በኋላ የተገጠመ ሬዲዮ፣ ከገበያ የተገዛ አላርም፣ የተጣበቀ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ናቸው። ሬዲዮ የገጠመው ሰው የማስታወሻውንና የዋናውን ሽቦ አቀያይሮ ማገናኘቱ የተለመደ ስህተት ነውና ከእሱ ይጀምሩ። ሁሉም ፊውዝ ወጥቶ ቁጥሩ ካልወረደ ወደ ዲናሞው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ በእነዚህ ፊውዞች ውስጥ አያልፍምና ጥርጣሬው ወደ ዳዮዱ ይዞራል፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ለይተው ያን ሽቦ ከዲናሞው ያውጡ፣ ጫፉን በኤሌክትሪክ ቴፕ ሸፍነው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከጠፋ ሌባው ተገኘ።

ማታ ማታ ኔጋቲቩን መንቀል ወይም ማጥፊያ ማብሪያ መግጠም ጥገናው እስኪደርስ እንደ ማስታገሻ ይሠራል፤ ሰዓቱና የሬዲዮው ማስታወሻ ይጠፋል፣ ሬዲዮው የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ቁጥሩን አስቀድመው ይያዙ። የሚገጠመው ማብሪያ የሞተሪኖውን አምፔር መሸከም የሚችል መሆን አለበት። ነገር ግን ሳይታወቅ የሚስብ ሽቦ አንዳንዴ የተላጠና ቦዲ የነካ ሽቦ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀን ላይ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በማብሪያ ሸፍኖ መኖር አይመከርም።

አሁን ያለው ባትሪ ይድናል ወይ ለሚለው፣ ሰልፌቱ በቅርቡ የተፈጠረ ከሆነ በዝቅተኛ አምፔር፣ ማለትም በ2 አምፔር ገደማ፣ አንድ ሙሉ ቀን ቻርጅ ማድረግ የተወሰነ አቅም ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የጭነቱን ፈተና ካላለፈ አይድከሙ። አስፒሪን መጣል፣ የማግኒዥየም ጨው ማሟሟት፣ በጠርሙስ የሚሸጥ ባትሪ አዳሽ ፈሳሽ ማስገባት የቀናት እፎይታ ቢሰጥ እንኳ ፕሌቶቹን ይጎዳል። በኤሌክትሪክ ምት ሰልፌት ያራግፋሉ የሚባሉት መሣሪያዎችም የበሰበሰ ፕሌት አይተኩም። በሌላ በኩል ባትሪ ሲሚንቶ መሬት ላይ ከተቀመጠ ይሞታል የሚለው ለዛሬ የፕላስቲክ ሣጥን ባትሪዎች አይሠራም፤ ቆሞ የሚከርም ባትሪ የሚጎድለው በራሱ ጊዜ በሚያጣው ቻርጅ ነው፣ ሙቀት ሲኖር ደግሞ ይፋጠናል።

የሚገዙት ባትሪ መኪናው ሲሠራ ከነበረው ልክ፣ ከራሶቹ አቀማመጥና ከአምፔር-ሰዓቱ ጋር የሚገጥም ተራ ፈሳሽ አሲድ ባትሪ ይሁን። ካልሲየም የተጨመረባቸው ዝግ ባትሪዎች ሙሉ ለመሆን ትንሽ ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋሉ፤ ዲናሞዎ ከ14.2 እስከ 14.5 የሚሰጥ ከሆነ ይመቻሉ፣ 13.8 ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ክዳኑ የሚከፈተውን ይምረጡ። አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ የተያዘው ኤጂኤም ባትሪ ከልክ ያለፈ ቮልትን አይታገሥምና ሬጉሌተሩ ካላስተማመነ አሮጌ መኪና ጋር አይስማማም። የሊቲየም ባትሪ ለዚህ ዲናሞ አልተሠራም፤ ይተዉት። የምርት ቀኑን አንብበው አዲስ የሆነውን ይውሰዱ፣ በቴስተርዎ ለክተው ከ12.5 በታች የሆነውን አይቀበሉ።

ሲገጥሙ ሁልጊዜ ከቦዲው ጋር የተያያዘውን ራስ መጀመሪያ ይንቀሉ፣ መጨረሻ ይሰሩ፤ ይህ በአብዛኛው ኔጋቲቩ ነው። ፖዘቲቩን እያጠበቁ ሳለ የብሎን መፍቻው ቦዲ ቢነካ እንዳያፈነጥቅ ነው። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩ አንዳንድ የእንግሊዝ መኪኖች ፖዘቲቩ ማሳ የሆነባቸው ስለሆነ የእነሱ ባለቤቶች ምልክቱን ማየት አለባቸው። ባትሪውን በማሰሪያው አጥብቀው ይሰሩት፤ እየተንቀጠቀጠ የሚኖር ባትሪ ከፕሌቶቹ ላይ ንጥረ ነገሩ እየተራገፈ ሥር ይከማችና ሴሉን ያገናኛል። አሮጌው ባትሪ በውስጡ ያለው እርሳስ መርዛማ ስለሆነ ጓሮ አይጣልም፤ ለሻጩ ወይም እርሳሱን መልሶ ለሚጠቀም ሰብሳቢ ይስጡት።

ውሳኔዎ እንዲህ ይሁን። ዛሬ ማታ ባትሪውን በቻርጀር ይሙሉ፣ አሳርፈው ከለኩት በኋላ የጭነት ፈተናውንና የማሳውን ልኬት ያድርጉ፣ ከዚያ ቆማ ስትሆን የሚስበውን ይለኩ፣ በመጨረሻ ዲናሞውን። የሚስበው ነገር ወይም ዝቅተኛው ቮልት ሳይገኝና ሳይጠገን አዲስ ባትሪ አይግዙ። ተጠግኖ ባትሪው ፈተናውን ካለፈ አይቀይሩት፤ ካላለፈ ቀደም ሲል በገለጽኩት ልክ አንዱን ይግዙ። አዲሱ ከተገጠመ ከአንድ ወር በኋላ፣ መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ካደረች በኋላ ጠዋት ቁልፍ ሳይነኩ ባትሪውን ይለኩ፤ 12.5 እና ከዚያ በላይ ካነበቡ ሥራው አልቋል፣ 12.3 እና በታች ከሆነ ግን ያልተገኘ ሁለተኛ ሌባ አለና ፊውዞቹን እንደገና መንቀል ይኖርብዎታል።